የተለመደው አንቀጽ

በሪፖርቱ ሁለተኛ አንቀጽ ላይ «የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ከአራት ዓመት በፊት ተቆርጧል» ይላል። አምስተኛው አንቀጽ ላይ ደግሞ «በሁለቱም እግሮቹ የደም ሥር ምት በደንብ ይዳሰሳል፤ ጣቶቹ ሁሉ ጤነኛ ናቸው» ይላል። ሰውዬው አንድ ነው፣ ምርመራውም የአንድ ቀን ነው። ሁለቱንም የጻፈችው ቴንሞዢ ናት።

ደቡብ ሕንድ፣ ኮይምባቶር ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የሳሪ መደብር ፎቅ ላይ፣ አሥራ አንድ ሆነን የአሜሪካ ሐኪሞችን ድምፅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ እንማር ነበር። ሐኪሙ በሽተኛውን አይቶ ሲጨርስ ያየውን ለመቅጃ ይናገራል። እኛ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን፣ ድምፁን በእግር መርገጫ እያስኬድንና እያቆምን እንጽፋለን። የስድስት ወሩ ትምህርት አልቆ የመጨረሻው ፈተና ላይ ደርሰናል። የበሽተኛውን ሁኔታ የሚያዛባ አንድ ስሕተት የተገኘበት ይወድቃል።

ቴንሞዢ ከሁላችንም ታላቅ ስለነበረች «አካ» እንላታለን፤ በእኛ አገር ታላቅ እህት እንደማለት ነው። በትውልድ ከተማው በፖላቺ ያለው ባሏ የሰጣት ጊዜ ስድስት ወር ነበር። ካለፈች ሥራ ይዛ ከተማ ትቀራለች፤ ከወደቀች እሑድ ተመልሳ አማቷ ቤት ትገባለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ በምሳ ሰዓት ራሷ እየሳቀች ነግራናለች።

መምህራችን ማዳም ቫሱኪ ሃያ ዓመት በነርስነት ያገለገለች ሴት ናት። ወረቀቱን ይዛ መጣችና ቴንሞዢ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው።

«አንቺ ልጅ፣ ለሰውዬው እግር አበቀልሽለት እኮ!»

ክፍሉ ሳቀ። ከኋላ ሆኜ «መቅደስ ይሠራላት፣ ስለት እናስገባለን» አልኩ።

«አንተ ታምቢ፣ መጀመሪያ የራስህን ወረቀት እይ» አለችኝ ቴንሞዢ ዞር ብላ፤ ታናሽ ወንድሜ ማለቷ ነው። ከዚያ የራሷን አየች፤ ሳቋ ቆመ።

ስሕተቱ እንዴት እንደመጣ ለማንም ግልጽ ነበር። እያንዳንዱ ሐኪም አዲስ ነገር ላላገኘበት በሽተኛ የሚጠቀምበት አንድ ቋሚ አንቀጽ አለው። «ምርመራው የተለመደው» ካለ እኛ አንድ ቁልፍ ተጭነን አንቀጹን እናስገባለን። ይህም ሐኪም «የተለመደው» ብሏል፤ ቴንሞዢም አስገብታለች።

የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ናታራጃን ሳቁን ሰምተው ከቢሯቸው ወጡ። ወረቀቱን ቆመው አነበቡ።

«ሐኪሙ ‹አስገቢ› አላት፣ አስገባች። የመጀመሪያው ሕጋችን ‹እናንተ ሐኪም አይደላችሁም፤ የተባለውን ጻፉ› አይደለም እንዴ? ከሁሉም ፈጣኗ እሷ ናት። እኔ አሳልፋታለሁ።»

«የተለመደው ለተለመደ ሰው ነው፣ ሰር» አለች ማዳም ቫሱኪ። «ከተጠራጠረች ቦታውን ባዶ ትታ ለሐኪሙ ማስታወሻ ትጽፋለች። ይህም ሕጋችን ነው።»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ኃላፊው ጥቂት አሰቡና ሰኞ ሥራ መጀመር እንደምትችል ነገሯት። ማዳም በበኩሏ ሰኞ አዲስ ክፍል እንደሚጀምርና ያለ ክፍያ እንደምታስገባት ነገረቻት። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት።

«አንብበሽው ነበር?»

«ጽፌዋለሁ፣ ማዳም።»

«አንብበሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

ቴንሞዢ ጣቶቿን አየች። «ታይፕ ስማር መምህሩ ማስመሪያ ይዞ ከኋላችን ይቆም ነበር። የሚጽፈውን የሚያነብ ሲያገኝ ጣቱን ይመታዋል። ማንበብ ፍጥነት ይገድላል ይል ነበር። በከፍተኛው ደረጃ ፈተና ከአውራጃው አንደኛ የወጣሁት እንደዚያ ነው።»

ከዚያ ድምፁን እንደገና መስማት ፈለገች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ስድስት ወር ሙሉ ሳትጽፍ ስታዳምጥ አይቻት አላውቅም። ማዳም እኛም እንድንሰማ የማዳመጫውን ሽቦ ነቀለችው።

ሐኪሙ ስለ እግሩ መቆረጥ ተናገረ። ቀጥሎ ሳቅ አለና ለሪፖርቱ የማይሆን ነገር ጨመረ፤ ሰውዬው ዛሬም ጫማ የሚገዛው በጥንድ ነው፣ ያልተነኩ አራት የግራ ጫማዎች ቤቱ ተደርድረዋል አለ። ወዲያው «ምርመራው የተለመደው» ብሎ ወደ መድኃኒቶቹ አለፈ።

«የጫማውን ነገር አልሰማሁትም» አለች ቴንሞዢ።

«ሰምተሽዋል» አለች ማዳም። «እግርሽ አሳለፈው እንጂ።»

ቴንሞዢ መርገጫውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ተነሣች። ኃላፊውን አመስግና ስልካቸውን ለመጠቀም ፈቃድ ጠየቀች። የቢሮው በር ክፍት ነበር። ከፖላቺ ማን እንዳነሣ ከአነጋገሯ አወቅን፤ ባሏን አንቱ ነው የምትለው።

«እኔ ነኝ… አዎ፣ ውጤቱ ወጣ። ወድቄያለሁ።»

አቶ ናታራጃን ቀና አሉ። እጇን አንሥታ ዝም አሰኘቻቸው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ስታደርግ አይተናት አናውቅም። በወዲያኛው በኩል ያለው ሰው ብዙ ተናገረ። እሷም እስኪጨርስ ጠበቀች።

«ገብቶኛል። ለእናትዎ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ግን እሑድ አልመጣም። ሰኞ ከመጀመሪያው ትምህርት እጀምራለሁ።»