ለፍቅረ ማርያም የተያዘ ፊደል

ግራ ጌታ ፍቅረ ማርያም ካረፉ ሁለት ዓመት ሊሆን ነው። ድምፃቸው ግን መዳፍ በማትሞላ ሃርድ ዲስክ ውስጥ አለ። ጓደኛቸው ቀኝ ጌታ ወልደ ዮሐንስ ናቸው በስልክ የቀዱት። እሳቸውም ሐሙስ ሐሙስ ከፀዳ ከተማ በባጃጅ ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት እየመጡ ያዳምጡታል። በአንድ ቅኔ ማሕሌት ሠላሳ ዓመት ቀኝና ግራ ቆሞ የተቀባበለ ሰው፣ እንግዲህ እንዴት ብሎ ይረሳሳል?

አንድ ሐሙስ መብራት ሄዶ መጣ። ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ጸሐፊዋ ሕሊና የዜማውን ዝርዝር ብትጫነው፣ «ፋይሉ አልተገኘም» አለ።

«ምነው ልጄ?»

«ይቆዩ የኔታ።»

መቆየቱን የት ችለውት! ሌላ ቅጂ የለም። ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉ። «ሁለተኛ ሞተብኝ በይኛ!»

«ኧረ አለ! ስሙ ነው የተለወጠው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የቀደመውን ዲስክ በእንግሊዝኛ ፊደል ‹ኢ›፣ የተከተለውን ‹ኤፍ› ይለዋል። ዛሬ የጋብቻ መዝገቡ ዲስክ ቀድሞ ‹ኢ›ን ወሰደ። ዝርዝሩ ደግሞ ግራ ጌታን እዚያው ‹ኢ› ላይ ይፈልጋቸዋል።»

«እኔ እኮ ሁልጊዜ የሱን ነው አስቀድሜ የምሰካ! ታላቄ ነው ብዬ።»

ሕሊና ሳቋ አመለጣት። «ይኼ ዕቃ ታላቅ ታናሽ አያውቅም፣ የኔታ። መብራት ሲመጣ ፈጥኖ የነቃው ይቀድማል።»

«ባለጌ ዕቃ! ፍቅረ ማርያም ከማክሰኝት መኪና አጥቶ ሲዘገይ እንኳ ቦታው ባዶውን ይጠብቀው ነበር። ማን ደፍሮ ይቆምበታል?»

«እኛም አንድ ፊደል እንያዝላቸዋ።» የዲስኮቹን ማስተካከያ ከፈተች። «‹ዜድ› ልበላቸው። የመጨረሻው ስለሆነ ማንም አይሻማቸውም።»

«መጨረሻ? ለግራ ጌታ?» ትንሽ አሰቡ። «ይሁን። እሱ እንደሁ ግፊያ አይወድም።»

ዝርዝሩንም ወደ «ዜድ» አዞረችው። አጥፍታ አስነሣችውና ዝርዝሩን ተጫነችው። ወልደ ዮሐንስ መቋሚያቸውን ጨብጠው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ። መጀመሪያ ሳል፣ ከዚያ ያ ጎርናና ድምፅ፦ «ወልዴ፣ ጀምሯል እንዴ?»

«ጀምሯል» አሉ ቀስ ብለው።

ደግማ አጠፋችው፤ አስነሣችው። እዚያው «ዜድ» ላይ ናቸው። ሦስተኛም ሞከረችው።

«ሸጋ ነው! ከእንግዲህ አይጠፉም፣ የኔታ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ፣ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ግን እስቲ አንዴ ደግመሽ አጥፊና አስነሺው። ሲመጣ ልስማው።»