በገንዳው ማዕዘን የቀረው አውራ ጣት

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተም በር ላይ አትገተር፤ ወንበር ከጠፋ ካርቶኑን አንጥፍና ቁጭ በል። ታሪኩ ረጅም አይደለም፤ ግን ቆመው የሚሰሙት አይነት አይደለም። ስለ አንዲት ልብስ ሰፊ ነው፤ ስለ እሷና ማፍሰስ ስለጀመረባት የዓሣ ገንዳ።

ልብስ ሰፊዋ ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመቷ ነው። መስታወት ቆራጭ ነበር፤ በሰፈሩ ተሰብሮ የተተካ መስኮት ሁሉ በእጁ አልፏል ማለት ይቻላል። ትቶላት ከሄደው ነገር ሁሉ ግን የምትሳሳው ለአንዱ ነበር፦ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ፣ እግሩ የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው የዓሣ ገንዳ። አምስት ጠፍጣፋ መስታወት በሲሊኮን ማጣበቂያ ተያይዞ፣ ርዝመቱ የሕፃን አልጋ ያህል ነው። በገዛ እጁ ነው የሠራው። ውስጡ ከነበሩት ዓሣዎች አሁን የቀረው አንድ ወፍራም ብርቱካናማ ብቻ ነው። “ዳኛው” ይሉታል፤ ፍርድ ሊሰጥ አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል፣ ቀጠሮ የሚያራዝም ይመስላል።

ገንዳው ውስጥ ደግሞ እሷ ብቻ የምታውቀው አንድ ነገር አለ። በስተኋላ፣ በግራ ማዕዘን፣ ከጠጠሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ሲሊኮኑ ላይ የአውራ ጣት አሻራ ታትሟል። ሌላው መጋጠሚያ ሁሉ በማንኪያ ጀርባ የተስተካከለ፣ ልሙጥ ነው። እዚያች ቦታ ብቻ ጣት ተጭኖ መስመር መስመሩን ጥሎ ሄዷል። ባሏ በሕይወት ሳለ ገንዳውን ለማጽዳት ማንንም አያስነካም ነበር፤ ስለዚህ ያየችው እሱ በሞተ በወሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ስታጸዳው ነው። ያን ቀን ስፖንጁን እንደያዘች ብዙ ቆመች።

አያችሁ፣ ፊቱን ፎቶው ይዞላታል። ድምፁን ግን የያዘላት የለም፤ ከጆሮዋ ከጠፋ ቆይቷል። ይህ ነበር የሚያስፈራት፤ በየቀኑ ከእሱ አንድ ነገር እየተንጠባጠበ የሚያልቅ ይመስላታል። ጣቱ ግን አለ። ጠዋት ጠዋት ስፌት መኪናዋ ላይ ከመቀመጧ በፊት በፊተኛው መስታወት በኩል ጎንበስ ብላ ታየዋለች። ከውሃው ማዶ ሰፊ፣ ትልቅ፣ የወንድ ጣት ነው። “አደርክ?” ትለዋለች። ከዚያ መብራቷን አብርታ ሥራዋን ትጀምራለች።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ልማዷ ጎንበስ ስትል ካልሲዋ ረጠበ።

ዳኛው የረጨው ይሆናል ብላ ወለሉን ወለወለች። ረቡዕም ወለወለች። ሐሙስ አብራት የምትኖረው ልጇ፣ የሒሳብ አስተማሪዋ፣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጫማዋን አውልቃ ወለሉ ላይ ቆመች፤ ጣውላው ከእግሯ ሥር እንደ አሮጌ ፍራሽ ሰመጥ አለ።

“እማ፣ ይህ ጣውላ መቼ ነው ያበጠው?”

“ጣውላ ያብጣል፤ እኔም ጠዋት ጠዋት አብጣለሁ።”

“እማ!”

“ትንሽ ነው የሚያፈሰው። እኔ እሞላዋለሁ፣ እሱ ያፈሳል፤ ተስማምተን እየኖርን ነው።”

ልጅቷ አልሳቀችም። በማግስቱ ለሥራ ስትወጣ ግን እናት ከመታጠቢያ ቤት የተረፈች ግማሽ የሲሊኮን ቱቦ ፈልጋ አገኘች፤ በገንዳው በስተኋላ፣ በውጭ በኩል፣ ከላይ እስከ ታች ለቀለቀችው። ሥራዋን አይታ ደስ አላት። ቅዳሜ ጠዋት የለቀለቀችው ነገር ረጅም ነጭ ትል መስሎ ወለሉ ላይ ወድቆ አገኘችው፤ በዙሪያው ውሃ።

ያኔ ልጅቷ አጎቷ ጋ ደወለች።

አጎትየው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ እሱም መስታወት ቆራጭ፤ ወንድሙ ነው ያስተማረው። የመሣሪያ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ፤ ገና ሳይቀመጥ ወለሉ ላይ የወደቀውን በጫማው ጫፍ ገልበጥ አደረገው።

“ይህን የጥርስ ሳሙና የቀባው ማነው?”

“እኔ ነኝ፤ ምነው?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

“እቴ፣ ሱሪ ሲቀደድ ጥፉን በየት በኩል ነው የምትለጥፊው?”

“በውስጥ በኩል ነዋ።”

“እና ለሱሪ ያወቅሽውን ለገንዳ ምን ከለከለሽ? ውሃ የሚገፋው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው፤ በውጭ የለጠፍሽበትን ገፍቶ ይጥልልሻል። ደግሞ ይኼ የመታጠቢያ ቤት ነው፤ የሻጋታ መድኃኒት አለበት። በውስጥ ቀብተሽው ቢሆን ዳኛው ይህን ጊዜ ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ደርሷል።”

“በል አንተ ዋርሳዬ፣ ምላስህን ትተህ እጅህን አሠራ።”

ጋዜጣ በቀጫጭኑ ቀዶ በገንዳው ሥር ዙሪያውን ሸጎሸጎ፤ ጥቂት ጠበቁ። ሁሉም ደረቅ ሆኖ አንዱ ብቻ ጠቆረ። በስተኋላ፣ በግራ ማዕዘን። ልብስ ሰፊዋ ሄዳ ማዕዘኑ ፊት ቆመች።

“በሉ ውሃውን እናውጣ፣” አለ አጎትየው። “ከዚያ የውስጡን ሲሊኮን አንድ ሳይቀር በምላጭ መፋቅ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሏል፤ ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግ ነው?”

“ከዚያች ማዕዘን በቀር፣” አለች።

“የሚያፈሰው እኮ እዚያ ነው!”

“በላዩ ላይ ቀባበት።”

“አዲስ ሲሊኮን አሮጌ ላይ አይዝም። የያዘ ይመስልሽና በሳምንቱ ይላቀቃል። መስታወቱ ራቁቱን ካልቀረ አይሆንም። ለመሆኑ እዚያ ማዕዘን ላይ ምን አለሽ?”

“ያለኝ አለኝ።”

እሱ ወደ ልጅቷ አየ፤ ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ዳኛውን ከነውሃው ወደ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ አዛወሩት፤ የአየር ቱቦውንም አስገቡለት፤ የቀረውን ውሃ ቀድተው ገንዳውን ባዶ አደረጉት። አጎትየው ቦርሳውን መልሶ አነገተ።

“ስትወስኚ ጥሪኝ። ሳፋ ግን የዓሣ ቤት አይደለም፤ ብዙ አታስቢ።”

ሦስት ቀን አሰበች። ባዶው ገንዳ መኪናዋ አጠገብ ተገትሯል፤ ወደ ውስጡ ለማየት ድፍረት አጥታ የአልጋ ልብስ ጣል አደረገችበት። ዳኛው በመጀመሪያው ቀን ሳፋውን ዞረ። በሁለተኛው ቀን ቆመ። በሦስተኛው ቀን ጣቷን ውሃው ላይ ብታደርግ ወደ ላይ አልወጣም፤ ወደ ጎን ዘንበል ብሎ፣ አፉን እንኳ በግድ ነበር የሚከፍተው።

ልጅቷ ከኋላዋ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

“እማ፣ ምን እንዳለ ንገሪኝ። አልስቅብሽም።”

“ማዕዘኑ ላይ የአባትሽ አውራ ጣት አለ። ሲሠራው የተጫነው። ከእሱ የቀረኝ የሚዳሰስ ነገር እሱ ነው።”

ልጅቷ በእርግጥም አልሳቀችም። እጇን እናቷ ጀርባ ላይ አደረገች፤ አንዳች ምክር አልሰጠቻትም።

ልብስ ሰፊዋ ዳኛውን አየችው። ይህንንም ያመጣው ባሏ ነው፤ በመጨረሻው ዓመት፣ ትንፋሹ እያጠረ፣ በላስቲክ ከረጢት ውሃ ውስጥ ይዞ፣ እንዳይበርደው ብሎ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ። “ይቺን አደራ” ብሎ ነበር። ጣቱን አደራ አላለም።

“አጎትሽን ጥሪው፣” አለች። “ምላጩን ግን እኔ ነኝ የምይዘው።”

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አጎትየው መጣ፤ ገንዳውን መስኮቱ ሥር በጎኑ አጋደመላት። እሷ ትራስ ላይ ተንበረከከች፣ መነጽሯን አደረገች፣ ልጅቷ ባትሪ አበራችላት። የአልጋ ልብሱን ገለጠች።

አሻራው የለም። ደግማ አየች። አለ፤ ግን ሌላ ነው። ያ ሰፊው ጣት የት ሄደ? ደረቁ ማዕዘን ላይ ያለው ትንሽ ነው፤ ጠባብ፣ የአዝራር ያህል።

“ምነው?” አለ አጎትየው።

“አንሷል።”

“ምኑ?”

“የወንድምህ ጣት። ስድስት ዓመት ሙሉ ሳየው ትልቅ ነበር።”

አጎትየው ጎንበስ ብሎ አየ። “በውሃ ውስጥ ስታዪው ነው። ውሃና መስታወት ሲደመሩ ሁሉን ያገዝፋሉ፤ ዳኛውስ ሳፋው ውስጥ አላነሰም?” ካለ በኋላ በድንገት ቀና አለ። “ቆይ፣ የማን ጣት ነው ያልሽው?”

“የባሌ።”

“እቴ፣ የወንድሜን አውራ ጣት ረሳሽው?”

ልብስ ሰፊዋ አፏን ከፈተች፤ ያኔ ትዝ አላት። ገና ሥራ ሲጀምር የመስኮት መስታወት አምልጦት የአውራ ጣቱን ሆድ ልጦት ነበር፤ ሲድን መስመር አልባ፣ ልሙጥ፣ እንደ ማንኪያ ጀርባ ሆኖ ቀረ። ሠላሳ ዓመት የያዘችው እጅ! መታወቂያ ሲያወጣ እንኳ አሻራው እምቢ ብሎ ጸሐፊው የተናደደበት ጣት!

ቀስ ብላ የራሷን አውራ ጣት ማዕዘኑ ላይ አኖረችው። ልክክ አለ።

“የአንቺ ነው እንጂ፣” አለ አጎትየው፤ ሊስቅ ጀምሮ ፊቷን ሲያይ ተወው። “ሲሠራ እኔ እዚያው ነበርኩ። ይቺ ልጅሽ ኩፍኝ ይዟት፣ ዓይኗ ብርሃን እንዳያይ መስኮቱ ተጋርዶ፣ ስታለቅስ ስታለቅስ፣ ‘የምታየው ነገር ልሥራላት’ ብሎ ተነሣ። ከአንድ ሱቅ መስኮት የተረፈ መስታወት ነበር። እሱ በሁለት እጁ ሁለቱን ጠርዝ ይዟል፤ እኔ ሌላውን ጥግ ደግፌያለሁ። ሲሊኮኑ ላዩ ደርቆ ቆዳ ሊያወጣ ሆነ፣ ያቺ ማዕዘን ሳትስተካከል። ‘ነይ ቶሎ፣ ተጫኚያት!’ አለሽ። ክር በጥርስሽ እንደነከስሽ መጣሽ፣ አንዴ ተጫንሽና ‘ሥራ አስፈታችሁኝ’ ብለሽ ተመለስሽ።”

“እኔ?”

“አንቺ። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፤ የጣት ምልክት ያለበት መስታወት ለሰው አያስረክብም። ማንኪያውን ይዤ ላስተካክላት ስል እጄን ያዘኝ። ‘ተዋት’ አለኝ። ‘እሷ እንደሁ አንድ ቦታ አትቀመጥልኝም፤ ጣቷ እንኳ ይቀመጥ።’ ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው መስታወቱ ላይ የሚይዘውን አረንጓዴ በምላጭ ሲፍቅ ያቺን ማዕዘን በጨርቅ ብቻ ነበር የሚያብሳት።”

“ለካ ጠዋት ጠዋት ‘አደርክ?’ የምትዪው ዳኛውን አልነበረም፣” አለች ልጅቷ።

“ይኸው ስድስት ዓመት፣” አለ አጎትየው ቀስ ብሎ፣ “የገዛ ጣትሽን ‘አደርክ’ ስትዪ ኖረሻላ።”

“አፍህን ዝጋ!” አለች፤ ሳቋና እንባዋ ተቀላቅለው አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። “ይህንን ሁሉ ጊዜ ለምን አልነገርከኝም?”

“አልጠየቅሽኝማ! ‘ያለኝ አለኝ’ ብለሽ አባረርሽኝ እንጂ።”

ምላጩን አንሥታ ማዕዘኑን ራሷ ፋቀችው። ሲሊኮኑ በረጅሙ ተልጦ ወጣ። ልጅቷ ቁራጩን በመዳፏ ይዛ “በአዝራር ቆርቆሮሽ ውስጥ ላስቀምጥልሽ?” ብትላት፣ አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየቻት። “የእኔ ይኸው፤ ምን ያደርግልኛል?”

ከዚያ ሥራው ሥራ ሆነ። የቀረውን ሲሊኮን አጎትየው ፋቀ፤ መስታወቱን በአልኮል ወለወሉት፤ በመጋጠሚያው ግራና ቀኝ የወረቀት ፕላስተር አሰመሩ፤ አጎትየው ለዓሣ የሚሆነውን ሲሊኮን እየገፋ አፈሰሰ። ያን ጊዜ ሽታው ተነሣ። የአቼቶ ሽታ፣ ኮምጠጥ ያለ፣ አፍንጫን የሚነካ። ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። የተጋረደው መስኮት፣ ትኩሳት የያዛት ሕፃን፣ በጥርሷ የነከሰችው ክር፣ ሁሉም ከሽታው ጋር መጣ፤ ከሁሉም ከሁሉም ድምፁ፦ “ነይ ቶሎ፣ ተጫኚያት!” ጠፋ ያለችው ድምፅ፣ ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ሲቸኩል የሚሰበር። አለ ለካ። የሚጠብቀው ይህን ሽታ ነበር።

ማንኪያው ሁሉንም አስተካክሎ ግራ ማዕዘን ሲደርስ “እዚያ ላይ ቁም” አለች። “አንቺ ነይ፣” አለቻት ልጇን። “ገንዳው የተሠራው ላንቺ ነው።”

“እኔ? ከሠላሳ ዓመት በኋላ እኔን ደግሞ ማን ይፍቀኛል?”

“የሚፍቅሽ ሰው ይኑርሽ እንጂ፤ መፋቁ ምን ችግር አለው! ቶሎ በይ፣ ቆዳ ሊያወጣ ነው።”

ልጅቷ ጣቷን በውሃ አርሳ ተጫነች።

እስኪደርቅ ሁለት ቀን ጠበቁ፤ ከዚያ ውሃውን ግማሽ ሞልተው ጋዜጣውን ሸጎሸጉ። ለአንድ ሙሉ ቀን ልብስ ሰፊዋ በሠላሳ ስፌት አንዴ እየተነሣች ጋዜጣውን ዳበሰች። ደረቅ ነው። ዳኛው ሲመለስ ለጥቂት ጊዜ ጥግ ይዞ አኮረፈ፤ ወደ ማታ ሲል ወደ ፊተኛው መስታወት መጣና አፉን ከፍቶ ቀጠሮውን አራዘመ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ አለች። ከውሃው ማዶ ትልቅ፣ ሰፊ ጣት አለ።

“አደርክ?” አለች፣ ከልማድ።

“አደርኩ!” አለች ልጇ ከወጥ ቤት።

እንግዲህ ይኸው ነው ልጆቼ። አንድ ነገር ብቻ አስታውሱልኝ፦ ጥንቁቅ ሰው በሠራው ነገር ላይ አንዲት ያልተስተካከለች ቦታ ካገኛችሁ፣ ከማስተካከላችሁ በፊት ጠይቁ። በሕይወት ያለ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። በውሃ ውስጥ ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ። ይህቺን እንኳ አትርሱብኝ፣ አደራ።