የደመና ቀን ሙቅ ውሃ

አልጋነሽ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ቦታ መቆም አቅቷታል። ከጤና ጣቢያው በር እስከ ማዋለጃው ክፍል ጓሮ ትሄዳለች፤ ትመለሳለች፤ ቀና ብላ ሰማዩን ታያለች። ሰማዩ ሰሞኑን እንደተኮሳተረ ነው። የዳሞት ተራራ እንኳን ደመና ውስጥ ገብቶ አይታይም።

ጓሮው ውስጥ በአጭር የብረት መቆሚያ ላይ የተቀመጠው የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የእጇ ሥራ ነው። ከውጭ አገር የመጣ አንድ ፕሮጀክት ለአካባቢው ወጣቶች ያለ እንጨትና ያለ ከሰል ውሃ የማሞቅ ሙያ ሲያስተምር፣ እሷም ሶዶ እየተመላለሰች ተማረች። ከዚያም ከጉኑኖ ወጣ ብሎ ላለው ለዚህ ጤና ጣቢያ ገጠመችለት። ትምህርቱ በእርግጥ ሙያ ማስጨበጡን የሚመዝነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ መዛኙም ዛሬ ይመጣል። ማሞቂያው ካለፈ አልጋነሽ የሁለተኛው ዙር አሰልጣኝ ትሆናለች። ካላለፈ ቦታው አብሯት ለተማረው ለማቲ ይሰጣል።

“ኧረ ተቀመጪ! መሬቱን አረስሽው እኮ” አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ እማማ እታፈራሁ እየሳቁ።

“ደመና ነው እማማ። ለብ ካለልኝም ትልቅ ነገር ነው።”

“እግዚአብሔር አለ። አንቺ ብቻ ፊትሽን ፍቺው፤ ሰውዬው የታመምሽ መስሎት አልጋ እንዳያስይዝሽ።”

መዛኙ ዶክተር ወንደሰን እስከ መስኮቱ ጭቃ በለበሰ መኪና መጣ። ገና ከመውረዱ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ ቀረበችውና ልጁ ትኩሳት እንዳለው ነገረችው።

“እኔ የቧንቧ ዶክተር ነኝ እናቴ” አላት። “የልጅ ዶክተር ውስጥ አለልሽ።”

ከዚያ ወደ ጓሮ ዞረ። ቧንቧው ለምን እንዳዘቀዘቀ፣ ታንከሩ ለምን እንደተሸፈነ አልጋነሽን ጠየቃት። እሷም አንድ በአንድ መለሰች። በመጨረሻ ቧንቧውን ከፍቶ ሙቀት መለኪያውን ከውሃው ሥር ያዘ። ውሃው እንፋሎት ነበረው።

“ሃምሳ ስምንት ዲግሪ!” አለ። “በዚህ ደመና? ይሄማ ፎቶ ያስፈልገዋል።”

ተሰብስበው ያዩ የነበሩ ሴቶች እልል አሉ። አልጋነሽ ግን ደስታው አልመጣላትም። እጇን ከውሃው ነክራ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ውሃው ጭስ ጭስ ይላል።

ወደ ማብሰያ ቤቱ አየች። የቦዬ ሥር የሚቀቀልበት ትልቁ ድስት ተደፍቶ ውሃ ያንጠባጥባል፤ የእንጨቱ እሳት ገና አልጠፋም። እማማ እታፈራሁ ዓይናቸውን ሰበሩ። አልጋነሽ እጃቸውን ይዛ ወደ እንሰቱ ጥግ ወሰደቻቸው።

“እማማ፣ ምን አደረጉ?”

“ምን አደረግሁ? እንግዳ ነው እኮ! ከሶዶ ድረስ መጥቶ በቀዝቃዛ ውሃ ታጥቦ ይሂድ? ቤቴ ቢመጣም ሳላሞቅ አላስታጥበው።”

“ሊታጠብ አልመጣም። ሥራዬን ሊመዝን ነው የመጣው።”

“ታዲያ መዘነ፤ ደስም አለው። አፍሽን ያዢና አሰልጣኝ ሁኚ።”

ለአልጋነሽ ዝም ማለት ቀላል ነበር። ግን ክረምት ሲገባ ያ ቁጥር ታምኖ እሳት ሳይነድ፣ የወለደች ሴት በብርድ ስትጠብቅ ታያት። ደግሞም ሌላ ነገር አንገበገባት፤ እማማ ሥራዋን አላመኑትም። ልቧ ወዲያና ወዲህ ሲላት ቆይቶ እግሯ ወደ ዶክተሩ ቀደማት።

“ዶክተር፣ ያንን ቁጥር አይጻፉት።”

“ለምን?”

“ውሃው በእንጨት የሞቀ ነው። እንግዳ ለማክበር ተብሎ ታንከሩ ውስጥ የተጨመረ ነው። እኔም አሁን ነው ያወቅሁት።”

ሹፌሩ ሊስቅ ብሎ ዋጠው። ወንደሰን ውሃውን አሸተተና የጻፈውን ሰረዘ።

“የማሞቂያው የራሱ ሙቀት ስንት ነበር?”

“አሁን አይታወቅም። አፍስሼው፣ እንደገና ሞልቼ ፀሐይ መጠበቅ አለብኝ።”

“ሪፖርቱ ዓርብ ይላካል። ሐሙስ እመለሳለሁ። ያኔም ካልሞቀ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ ቦታውም የማቲ ይሆናል። ገባሽ?”

“ገብቶኛል።”

ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋበት፤ መንገዱ ሳይብስ መመለስ ነበረባቸው።

መኪናው እንደወጣ አልጋነሽ ወደ ማፍሰሻው ጎንበስ አለች።

“ልታፈሺው ነው? የደከምኩበትን?” አሉ እማማ እታፈራሁ ከኋላዋ።

“ልብስ ይጠቡበት።”

አሮጊቷ አጉረመረሙ። ከዚያ ገብተው ሁለት ሳፋ ይዘው ወጡና አንዱን ከቧንቧው ሥር አስቀመጡ።

“ሐሙስም ደመና ቢሆንስ?”

“ቢሆን ቀዝቃዛውን ያየዋል” አለች። መክፈቻውንም እስከ መጨረሻው አዞረችው።