የተዘለለው ስም

“አንድ ስም ዘለልክ” አለች ልጅቷ፣ አሜን ያለችበትን አፏን ገና ሳትገጥም።

ጎሚስታው ከሶፋው ሥር እንደተንበረከከ ቀና አላለም። ስምንት ዓመት ያልሞላትን ልጁን በቤት ውስጥ “ጠበቃ” የሚሏት በከንቱ አይደለም፤ ያየችውን ነገር ሳትከራከርበት አታልፍም። አሁንም በገዛ እጇ ጽፋ ማቀዝቀዣው በር ላይ ወደለጠፈችው የጸሎት ዝርዝር ሄዳ በጣቷ ትቆጥርለት ጀመር።

“ወንድም ጋሼን ጠርተሃል። የእማዬ አለቃ ልቧ እንዲራራ ጸልየሃል። የአውቶቡሱን ሾፌር እንኳን ጠርተሃል። አያቴን፣ እማማን ግን አልጠራህም። አንደኛ ላይ ያለችው እሷ ናት።”

“ረስቼ ነው።”

“ትናንትም ረስተሃል። ከትናንት ወዲያም።”

ሚስቱ ከተንበረከከችበት ተነስታ፣ ቅዳሜ ስለሆነና ሥራ ስለሌላት፣ ከወጥ ቤቱ እስከ መስኮቱ ወዲያ ወዲህ ማለት ያዘች። እግሯ ላይ ያለው ጥቁር ጫማ ሰፊና ለስላሳ ነው፤ የእሷ አይደለም። የእናቷ እግር ስለሚያብጥ፣ አዲስ ጫማ እንዳይቆነጥጣት ብላ በሁለት ወፍራም ካልሲ ላይ ታጠልቀውና በየቀኑ ታለማምደዋለች። እናቷን ለማየት አገር ቤት የምትሄድበት ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እስከዚያ ጫማው እንደ ነጠላ ጫማ ካልላላ እንቅልፍ የሚወስዳት አትመስልም።

በዚህ ቤት ጸሎት በተራ ነው። ልጅቷ ትጀምራለች፣ እናቷ ትቀጥላለች፣ አባት ይዘጋል። ለሁለት ዓመት ሥራ ብለው የመጡበት አገር ስድስት ዓመት ይዟቸዋል። በነዚህ ዓመታት አራት ጊዜ ቤት ቀይረዋል፣ እሱ ሁለት ጊዜ ከሥራ ተባሯል፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲጓተት እሷ ከአገሩ ከወጣች መመለሻ እንዳታጣ ፈርታ የታመመች እናቷን ሳታይ ቀርታለች። ጧትና ማታ ከዚች ሶፋ ሥር መንበርከክ ግን አንድም ቀን አልቀረም።

የሚስቱ እናት ከሞቱ ሃያ አንድ ቀን ሆኗቸዋል።

ወንድም ጋሼ፣ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ የደወለለት ጎማ እየፈታ ሳለ ነበር። “እንዳትነግራት” አለው። “ወረቀቷ አልቆ ስትመጣ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ዘመድ ደግፏት ትሰማለች። መርዶ ለብቻ አይሰማም።” ጎሚስታውም በልጁ ምሎ ቃል ገባና ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው። በሳምንቱ ፈቃዱ ተሰጣት። እሷም በደስታ አልቅሳ በማግስቱ ያንን ጫማ ገዛች። አገር ቤት በደወለች ቁጥር ታናሽ እህቷ “ተኝታለች” ትላታለች። እናትየው ከመሞታቸውም በፊት ድምፃቸው ደክሞ ስለነበር አልተጠራጠረችም።

ለሚስቱ መዋሸት ከበደው እንጂ አላቃተውም። ለፈጣሪ መዋሸት ግን አቃተው። የተቀበሩትን ሴት “ፈውሳቸው” ብሎ መለመን በአምላክ ላይ ማሾፍ መሰለው፤ ስለዚህ ስማቸውን ዝም ብሎ ይዘል ጀመር። የተነፈሰ የጎማ ካላማዳሪ ውሃ ውስጥ ሲነከር አረፋው ቀዳዳውን ያሳብቃል። ስንቱን ጎማ እንደዚያ ሲመረምር የኖረ ሰው የራሱ ምስጢር በየት በኩል እንደሚተነፍስ አልገመተም ነበር።

“ጠበቃ፣ ሂጂ ፀጉርሽን አበጥሪ” አለች ሚስቱ።

ልጅቷ ነገሩ ስላልጣማት እያጉረመረመች ወደ ውስጥ ገባች። እናትየው በሩን ዘጋችባት።

“እሷ ዛሬ ቆጠረች። እኔ ከቆጠርኩ ቆይቻለሁ” አለችው። “እናቴን መጥራት ከተውክ ሦስት ሳምንት ሆነህ።”

“እንደሱ አይደለም።”

“ታዲያ እንዴት ነው? አርጅታለች፣ ይብቃት ብለህ ነው? ሰለቸችህ?”

“ኧረ ተይ። እሳቸውን? እንደ ልጃቸው አይደል የያዙኝ?”

“እንደ ልጇ ከያዘችህ አፍህን ምን ያዘው?”

ጎሚስታው ከተንበረከከበት ተነሳ።

“ስማኝ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። “ሆቴሉ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ ስተኩስ የምውለው፣ ማታ ሦስታችን ሆነን እናቴን እንደምንጠራት ስለማውቅ ነው። አልሄድኩላት፣ አላስታመምኳት። ያደረግኩላት ነገር ቢኖር ይሄ ብቻ ነው። አሁን አንተ ስትዘጋ አሜን ማለት አቃተኝ። አፌ ይላል፣ ሆዴ አይልም። ከዛሬ ማታ ጀምሮ እኔና ልጄ ለብቻችን እንጸልያለን። አንተም ለብቻህ።”

ይህን ስትል አላለቀሰችም። ብትቆጣው፣ ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ተመልሳ በእናቷ ጫማ ወደ መስኮቱ ስትራመድ የቆሻሻውን ከረጢት አንስቶ ልጥል ነው ብሎ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ከረጢቱን እንደያዘ ለወንድም ጋሼ ደወለ።

“ጋሼ፣ አልቻልኩም።”

“ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። ቻለው እንጂ።”

“እናትሽ ትሙት ያልኳት መስሏታል። ጨካኝ አድርጋ አየችኝ።”

“ትይህ። ኋላ ሲገባት ይቅር ትልሃለች።” ወንድም ጋሼ ተነፈሰ፤ እሱም የቀበረው እናቱን ነው። “አሁን ብትነግራት ማን ይይዛታል? አንተና አንድ ፍሬ ልጅ? እህቴ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ታልቅስ? እዚያ ማን አላችሁ?”

“ማንም” ሊል አፉን ከፈተና ተወው። “መልሼ እደውላለሁ፣ ጋሼ” ብሎ ዘጋ።

ስድስት ዓመት ሙሉ “እዚህ ማን አለን” ሲል ኖሯል። አሁን ግን ፊት ለፊቱ የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ በር ነበር። ሁለቱም ሥራ ላይ ሲሆኑ ጠበቃን ከትምህርት ቤት የምታመጣት፣ ቀሚሷን ያለ ገንዘብ የምታስረዝምላት አሮጊት ናት። ምድር ቤት ደግሞ የሚስቱ የሥራ ባልደረባ ትኖራለች። ሚስቱን ካውያ እጇን ሲያቃጥላት አለቃዋ እንዳታውቅ ብላ ሳምንት ሙሉ የሁለት ሰው ድርሻ አንሶላ የተኮሰች ሴት። ዘመድ አይደሉም። ቋንቋቸው ሌላ፣ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው። ሰው ግን ናቸው። ጎሚስታው የማለውን መሐላ አሰበና፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ ብሎ ከረጢቱን አስቀምጦ አንኳኳ።

ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ከፈተች። ጎሚስታው የሚኖሩበትን አገር ቋንቋ እየሰባበረ ነገራት።

“የሚስቴ እናት ሞተዋል። አታውቅም። ብቻዋን እንድትሰማ አልፈልግም።”

አሮጊቷ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። “ምን ልበላት? እኔ የናንተን ጸሎት አላውቅም።”

“ምንም አትበያት። አጠገቧ መቀመጥ ብቻ።”

ልብስ ሰፊዋ መርፌዋን ከቀሚሷ ነቅላ ግድግዳው ላይ ባለው የመርፌ ትራስ ላይ ሰካችና ተከተለችው። የሚስቱን ባልደረባም ከምድር ቤት በቤት ጫማዋ ይዘዋት ወጡ።

ሚስቱ በሩ ሲከፈት ከወጥ ቤቱ ወደ መስኮቱ መንገድ ላይ ነበረች። መጀመሪያ ልብስ ሰፊዋን አይታ ፈገግ አለች። ከኋላዋ ባልደረባዋን አየች። ከሁለቱም ኋላ ባሏ ቆሟል። ማንም ደህና አደርሽ አላላትም። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። እሷ ባደገችበት ቤት ሰው በማለዳ ሳይጠራ፣ ተከታትሎና ዝም ብሎ ሲገባ ምን ይዞ እንደሚመጣ ሕፃን ያውቃል። ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ዝርዝር አየችና ባሏን አየችው።

“ስንት ቀኗ ነው?”

“ሃያ አንድ።”

ልብስ ሰፊዋ በአንድ በኩል፣ ባልደረባዋ በሌላ በኩል ያዟትና አብረዋት ወለሉ ላይ ተቀመጡ። “እማዬ” አለች፤ ስድስት ዓመት አፍና የያዘችው ልቅሶ ሁሉ ከዚያ ቃል ኋላ መጣ። “ጫማሽን ሳለማምድልሽ… እኔ ጫማሽን ሳለማምድልሽ…” ትላለች፤ ከዚያ አያልፍላትም። ሁለቱ ሴቶች የምትለው አይገባቸውም፣ ግን አብረዋት ያለቅሳሉ። ጠበቃ ግማሽ ፀጉሯን አበጥራ ከበሩ ብቅ አለች። ሁሉንም አየችና ምንም ሳትጠይቅ መጥታ እናቷ ጭን ላይ ተጠቀለለች።

ጎሚስታው የት እንደሚቆም ጠፍቶት በሩ ሥር ቀረ። ብትረግመውም ተገቢ ነው ብሎ ነበር የሚጠብቀው። ሚስቱ ድምፅዋ ሰልሎ፣ ፊቷ አብጦ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ ቀና አለች።

“ሁሉንም ብቻህን ይዘኸው ኖርክ” አለች። ቁጣም ነበረበት፣ ሌላም ነገር ነበረበት። “አልማርኩህም። ገና አልማርኩህም። ግን ና። ተንበርከክ። የዘለልከውን ጥራልኝ።”

መጥቶ ከፊቷ ተንበረከከ።

“እማማን” ብሎ ጀመረ፤ ስሙ ከአፉ ሲወጣ እሱም ማልቀስ ጀመረ። “ፈውሳቸው” የሚለው ልማድ ምላሱ ላይ መጣ። አቆመው። “እማማን አሳርፋቸው” አለ። “እኛ አላስታመምናቸውም፣ አልቀበርናቸውም። አንተ ነበርክላቸው። አሳርፋቸው።”

ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየቻት። ልብስ ሰፊዋም አየቻት፤ ጸሎቱ ማለቁንና አለማለቁን አላወቀችም። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

“አሜን” አለች።

ልብስ ሰፊዋ ያቺን ቃል ታውቃት ነበርና ተከትላ አለች።