ሁለት ጊዜ የታጠፈች መስመር

ልጅ ሳለች ከግድግዳ ወዲያ የሰማችው ወሬ ነው፤ ግማሹ ጠፍቶባታል። አንዲት ሴት፣ እናቷ ትሁን ጎረቤት አታስታውስም፣ ልብስ ሰፊ አባቷን «ረዝሟል፣ ቁረጠው እንጂ!» ትለዋለች። እሱ ደግሞ፣ «አጥፈዋለሁ እንጂ አልቆርጠውም። ልጅ አይደለም እንዴ? ነገ ያድግ የለ!» ይላታል። ከዚያ ስለ እጥፉ የጨመረው ነገር ነበር። እሱን ከአርባ ዓመት በኋላም ልታስታውሰው አልቻለችም።

አሁን የምትሠራው በአንድ ሆስፒታል የደም ባንክ፣ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ነው። በስልክ ኦፕሬተርነት ገብታ፣ ኮድ መጻፉን ከመጽሐፍ ለብቻዋ ተምራ ነው እዚህ የደረሰችው። ጆሮዋ ግን ያው የኦፕሬተር ጆሮ ነው።

ጠዋት ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከሥራዋ ቀና አለች። የደሙ ማቀዝቀዣ ደወል በየቀኑ በዚህች ሰዓት ራሱን ሊፈትሽ አንዴ «ጢጥ» ይላል። ዛሬ ዝም አለ።

«ሰማህ?» አለችው ፊት ለፊቷ የተቀመጠውን መሐንዲስ። ከጥድፊያው የተነሳ መብረቅ ነው የሚሉት።

«ምኑን፣ እትዬ?»

«ምንም አልሰማህም አይደል? እሱኑ ነው የምልህ።»

«እሰይ! ዛሬስ ጆሯችን አረፈ» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ደወሉ ከተዘጋ ደሙ ቢሞቅም የሚናገር የለም፤ ከሰዓት በኋላ ቀዶ ሕክምና የሚገቡ ሁለት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ደም ይጠብቃሉ። ኮዱን ትታ መጀመሪያ ወደ ማቀዝቀዣው ሄደች። በሩ የጣት ያህል ገርበብ ብሏል። የሙቀት መለኪያው አምስት ዲግሪ ተኩል ላይ ነው፤ ስድስትን ካለፈ ደሙ ይጣላል። በሩን ገፍታ ዘጋችና «ተመስገን» አለች በለሆሳስ። የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ከመለኪያው እንዳትለይ አደራ ብላ ተመለሰች።

«የደወሉን ፋይል ትናንት ነክተኸዋል?»

«ስሠራ እንዳይጮኽብኝ ለጊዜው አስተኝቼው ነበር። ግን ቀስቅሼዋለሁ እኮ! በፕለጊኔ፣ አንዴ ተጭኜ።»

ፕለጊን የሚሉትን ትንሽ ተጨማሪ ፕሮግራም ጽፎ ኮድ መጻፊያው ኤዲተር ላይ የሰካው እሱ ራሱ ነው፤ ይኮራበታል። መስመሮችን መርጠው ቁልፉን ሲጫኑ በየመጀመሪያቸው ላይ ዘመም ያሉ ሁለት ሰረዞች ይደፉባቸዋል፤ ኮምፒውተሩም እንደ ተራ ማስታወሻ ቆጥሮ ያልፋቸዋል፤ ተኙ ማለት ነው። ድጋሚ ሲጫኑት ሰረዞቹ ይነሳሉ፣ መስመሩም ሥራውን ይቀጥላል።

ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች፣ መስመሮቹን ሳትቸኩል አንድ በአንድ አነበበች። የመጨረሻዋ ላይ ቆመች።

«ይቺ ምን ትላለች?»

«ደወሉን ዝጋ...» ድምፁ ወረደ። «ይቺማ ለጥገና ጊዜ ብቻ ናት። ሁሌም እንደተኛች ናት።»

«አንተ ቀሰቀስካታ! ቁልፍህ የነቃውን ያስተኛል፣ የተኛውን ይቀሰቅሳል። ስታስተኛ ከሌሎቹ ጋር መርጠሃት ነቃች፤ ስትመልስ ደግሞ እሷን ሳትመርጣት ቀረህ።»

«እና እናስተኛታ! አንድ ሰከንድ!»

«ቀስ በል፣ መብረቅ። ዛሬ እናስተኛታለን፤ ነገስ?»

ሰረዞቹን በእጇ ጻፈችና ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳችው። ደወሉ ዘግይቶም ቢሆን «ጢጥ» አለ። ያኔ ነው የአባቷ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ የመጣላት፦ «በእጥፉ ላይ ሌላ እጥፍ እጨምርበታለሁ፤ አንዱ ቢተረተር ሌላው ይይዘዋል።»

«ስማኝ ወንድሜ» አለች ወንበሯን ወደ እሱ አዙራ። «ከመረጥካቸው ውስጥ አንዲት እንኳ የነቃች ካለች፣ ቁልፉ ለሁሉም ሰረዝ ይጨምር፤ ለተኛችውም ጭምር። ሲመልስ ከየመስመሩ የጨመረውን ብቻ ያንሳ። እንደ ትናንቱ አንዷን ብትረሳት እንኳ ሁለት ጊዜ እንደታጠፈች ትቀራለች እንጂ አትነቃም።»

«ሰረዝ በሰረዝ ላይ? ሲያስጠላ እኮ፣ እትዬ!»

«ልብስ የሚያምረው በውጭ በኩል ነው። እጥፉን ማን ገልቦ ያይብሃል?»

መብረቅ ሊከራከር አፉን ከፈተ። በዚሁ መሃል የላቦራቶሪዋ ባለሙያ በበሩ ብቅ አለችና፣ «መለኪያው አራት ዲግሪ ገብቷል፣ ደሙ ደህና ነው» ብላ ሄደች። መብረቅ ክርክሩን ትቶ ኪቦርዱን ወደ ራሱ ሳበ።

«እሺ» አለ። «እርስዎ እንዳሉት እጽፈዋለሁ። ተፈትሾ እስኪያልቅ ቁልፉን አልነካም፤ ሲያልቅም ከእኔ በፊት እርስዎ ይሞክሩታል።»