ለረዳኢ ስፈርም

በ2004 ኮሌጃችን ብቸኝነትን በየሐሙሱ ከሰዓት ሊያጠፋ ተነሳ። ኮሌጅ የምለው ኡራኤል አካባቢ ያለ አንድ ሕንፃ ነው፤ ምድሩ ላይ የሶፋ መሸጫ፣ አናቱ ላይ የጥርስ ክሊኒክ፣ መሀሉ ላይ እኛ። የተማሪዎች አገልግሎት ኃላፊው አቶ በለጠ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስደው ተመለሱና «ትርጉም ያለው ውይይት» የሚል ባነር ደረጃው ላይ አሰቀሉ። የሚያወሩት ሰው አጥተው የሚሰቃዩ ተማሪዎች መኖራቸውን በጥናት ደርሼበታለሁ አሉ። ጥናቱን ያካሄዱት የቢሯቸውን በር ዘግተው ነው።

አሠራሩ ቀላል ነበር። አንድ ነባር ተማሪ ከአንድ አዲስ ጋር ይጣመራል፤ አርባ ደቂቃ ከካርድ ላይ ጥያቄ እያነሱ ይጠያየቃሉ፤ መልሱን ቅጽ ላይ ሞልተው ይፈርማሉ። አሥር ሐሙስ የፈረመ ጥንድ ሰርተፍኬት ያገኛል። ሻይና ብስኩትም አለ። እኔ ጀሚላ፣ የካዛንቺስ ልጅ፣ ሦስተኛ ዓመት ማርኬቲንግ፣ የተመዘገብኩት ለሲቪዬ ብዬ ነው። የተቀረው ሕዝብ የመጣው ለብስኩቱ ነው።

ካርዶቹ ደግሞ! ከየትኛው ቋንቋ እንደተገለበጡ እንጃ፣ «ውስጥህ ያለው ሕፃን ዛሬ ምን ይፈልጋል?» ይላሉ። አጠገባችን የተቀመጠው የክፍሌ ልጅ ፊሮምሳ ጮክ ብሎ «አረ ሰዎች፣ አርግዣለሁ እንዴ?» ሲል አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አቶ በለጠ «በጣም ጥሩ፣ እየተግባባችሁ ነው» ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ።

ለእኔ የደረሰኝ ረዳኢ ነው፤ ከአዲግራት የመጣ አንደኛ ዓመት፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ። አጎቱ ቂርቆስ አንድ ክፍል ተከራይቶለት ራሱ ለንግድ ጁባ ሄዷል። የመጀመሪያው ሐሙስ ምንም ብጠይቀው መልሱ አንድ ነበር። እናትህስ? ደህና ናት። ትምህርትስ? ደህና ነው። ውስጥህ ያለው ሕፃንስ? እሱም ደህና ነው። ለሁሉም «ደህና» ብዬ ሞላሁና ብስኩቴን በላሁ።

በሁለተኛው ሐሙስ ካርድ ሳላነሳ ራሱ ጀመረ።

«ጀሚላ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ? ከሰኞ ጀምሮ እየቆጠርኩ ነበር። ማለቴ… ለሰው የተናገርኩት ‹ወራጅ አለ› ብቻ ነው። ታክሲ ውስጥ። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

ወላሂ ሳቄን መያዝ አቃተኝ። ሳቁ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ዞር ብዬ ለፊሮምሳ ነገርኩት። ፊሮምሳ ለጠረጴዛው ሁሉ ነገረ። በማግስቱ ረዳኢ በኮሪደሩ ሲያልፍ የማያውቁት ልጆች ሳይቀሩ «ወራጅ አለ!» ይሉት ጀመር። እሱም አብሮ ፈገግ ይል ነበር። በሦስተኛው ሐሙስ ቀረ።

ጥንዴ ከቀረ የእኔም ሐሙስ አይቆጠርም። ስለዚህ ፈረምኩለት። ለቀረ ሰው መፈረም እኛ ዘንድ ነውር አይደለም፣ እንዲያውም የደግ ሰው ሥራ ነው፤ ለጠዋት ክላስ ስንት ጊዜ ተፈራርመናል። መልሱንም ከራሴ ፈጠርኩለት። ረዳኢ አርሴናልን ይደግፋል። ረዳኢ ደምበል ከጓደኞቹ ጋር ማኪያቶ መጠጣት ያስደስተዋል። ሰባት ሐሙስ እንዲህ ስሞላለት የማይጠገብ ወሬኛ ወጣው። ስልኩንም በየሳምንቱ ቅጹ ላይ በእጄ እጽፍ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልደወልኩም።

በዘጠነኛው ሳምንት አቶ በለጠ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ጀሚላ፣ ይህ ልጅ እኮ ተለውጧል! ቅጻችሁን አነበብኩት። የመዝጊያው ዕለት እንግዶች ይመጣሉ፤ አርአያ የሆናችሁት እናንተ ናችሁ። ረዳኢ መድረክ ላይ ምስክርነት ይስጥ፤ ይዘሽልኝ ነይ።»

ሰባት ሳምንት ከባዶ ወንበር ጋር ስቀመጥ አጠገቤ ሻይ ይጠጡ የነበሩ ሰው ናቸው። «እሺ አቶ በለጠ» አልኩና የሚናገረውን እንዲያጠና ሰባቱን ቅጾች ተቀብዬ ወጣሁ።

አድራሻውን ይዤ ቂርቆስ ወረድኩ። በሩን የከፈቱልኝ የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «እሱን ብሎ የመጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ» አሉኝ። የመሄጃ ሰበብ ቢኖረኝ በዚያው እመለስ ነበር።

ረዳኢን ፍራሹ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ብድግ አለ። «እንዴት ነሽ» ሲል ድምፁ ሻክሮ ወጣ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ደገመው። ያለችውን አንዷን ወንበር ለእኔ ሰጠኝ። በሩ ጥግ የታሰረ ሻንጣ ቆሟል። ስለ መድረኩ ነገርኩትና ቅጾቹን ሰጠሁት።

አንድ በአንድ አነበባቸው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። አርሴናሉ ላይ ሲደርስ ፈገግ አለ፤ ማኪያቶው ላይ ትንሽ ቆየ።

«ይሄ ልጅ ጨዋታ ያውቃል» አለ።

አፈርኩ። በአቶ በለጠ ስስቅ የከረምኩት እኔ፣ ከአቶ በለጠ የባስኩ ነኝ። እሳቸው ቢያንስ የልጁን ችግር በጆሯቸው አልሰሙም።

«ረዳኢ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም። መድረኩ ገደል ይግባ፣ በቃ ተነስ፣ ወጥተን ሻይ እንጠጣ። እናውራ።»

«ነገ ወደ አዲግራት ነኝ» አለ። «ትኬት ቆርጫለሁ። ትምህርቱን ትቼዋለሁ።»

«ትንሽ ብትቆይስ? እኔ አለሁ እኮ።»

«ከሁለት ወር በፊት ብትመጪ እቆይ ነበር» አለ፣ ያለ ምንም ቁጣ። ከዚያ ቅጾቹን ከፍ አድርጎ አሳየኝ። «እነዚህን ግን ልውሰዳቸው?»

«ምን ያደርጉልሃል?»

«እናቴ በደወለች ቁጥር ‹ከማን ጋር ትጫወታለህ?› ትለኛለች። ከጀሚላ ጋር እላታለሁ። አታምነኝም፤ ‹ልጄ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው› እያለች ታለቅሳለች።»

«አማርኛ ታነባለች?» አልኩት።

«አታነብም» አለ፣ ወረቀቶቹን በጥንቃቄ እያስተካከለ። «እኔ በትግርኛ እነግራታለሁ።»