ረጃጅሞቹ ጋንጃዎች

ላምዱዋን ታናሽ እህቷን ፒኩንን አትጠላም ነበር። ማይ ቢሏት ትምላለች። ብቻ ፒኩን የነካችው ሁሉ ሲለመልም፣ እሷ የነካችው ሁሉ ሲጠወልግ ማየት ሰልችቷታል። በኖንግ ሳይ መንደር፣ ከፉፓን ተራራ ግርጌ፣ የተከለው የሚጸድቅለትን ሰው «እጁ ቀዝቃዛ ነው» ይሉታል፤ የሚደርቅበትን ደግሞ «እጁ ትኩስ ነው»። እናታቸው ፓን የሁለቱን ልጆቿን እጅ ገና በልጅነታቸው ለይታ ጨርሳለች። «የፒኩን እጅ ቀዝቃዛ ነው፤ ላምዱዋንን ግን ቃሪያ እንኳ እንዳታስተክሏት!» እያለች ጎረቤት ታስቃለች። ላምዱዋንም አብራ ትስቃለች። ሳቋ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ፒኩን ባንኮክ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርታ፣ ትዳሯ ፈርሶ፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥላ ስትመለስ ላምዱዋን ከልቧ አዘነችላት። ዶሮ አርዳ ተቀበለቻት፣ አዲሱን ምንጣፍ አነጠፈችላት። ለተቸገረ ሰው ማዘን አይከብድም። የከበዳት እናታቸው ከኩሬው ዳር ያለውን ጥሩውን መሬት ለፒኩን የሰጠች ቀን ነው።

«ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ መሬት እንኳ ይኑራት እንጂ» አለች እናት።

ፒኩን ባንኮክ ሳለች እናቷን ያጠበች፣ ሐኪም ቤት ያመላለሰች፣ ሩዝ የዘራችና ያጨደች ላምዱዋን ናት። ያንን መሬት እያየች «አንድ ቀን» ስትል ነው የኖረችው። ባሏ ሱቲን ማታ ራት ላይ «ምነው ዝም አልሽ?» ሲላት፣ «ዓሣው ጨው በዝቶበታል» አለችው።

ጋንጃ መትከል የተፈቀደ ጊዜ ወሬው የመጣው በመንደሩ ሹም ድምፅ ማጉያ ነው። ጠዋት ጠዋት የጠፋ ጎሽና የክትባት ቀን የሚለፈፍበት ማጉያ፣ «ከእንግዲህ ጋንጃ በጓሮ መትከል አያሳስርም» ብሎ አረፈው። ሰው ሁሉ የጠቀለለውን ሩዝ በእጁ እንደያዘ ቀረ።

«አባቴን ለአንዲት እግር ጋንጃ አስረው አላቡት» አለ ሱቲን። «አሁን ሄጄ ካሣ ብጠይቅ ምን ይሉኛል?»

«ልጁም ይታሰር ይሉሃል» አለች ላምዱዋን።

ፒኩን ከከተማ ገበያ ዘር ይዛ መጣች። ሁለቱም ከዚያ በፊት ጋንጃ ተክለው አያውቁም። ሰማዩም በዚያ ዓመት የሚታመን አልነበረም፤ መዝነብ ሲገባው ነደደ፣ የሩዙ ቡቃያ ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ደግሞ ድንገት ዘንቦ ጭቃውን ጉልበት አደረሰው። ስለዚህ መሬት ላይ ከመትከል ይልቅ በማዳበሪያ ከረጢት አፈር ሞልተው፣ ሲነድ ወደ ጥላ፣ ሲዘንብ ወደ ጣራ ሥር ለመጎተት ተስማሙ። እያንዳንዳቸው አምስት አምስት ከረጢት ያዙ። ከረጢቶቹ አንድ ዓይነት ስለነበሩ ፒኩን በራሷ ከረጢቶች አፍ ላይ ከፋብሪካ ያመጣችውን ቀይ ቁራጭ ጨርቅ አሰረች።

በዚያ ሐሩር ላምዱዋን ውሃ አበዛችና አንዱ ተክሏ ሥሩ በስብሶ ሞተ። የቀሩት አራቱ ድንክዬ ሆኑ፤ ቁመታቸው ከወገብ አላልፍ ብሎ ወደ ጎን ብቻ ተንዠረገጉ። ከፒኩን አምስት ሁለቱ እንዲሁ አጭር ሆነው ቀሩ፤ ሦስቱ ግን በየቀኑ የሚስቧቸው ይመስል ወደ ላይ ተመዘዙ። አገሩ ሁሉ እየመጣ ያያቸው ጀመር። የፒኩን ጓሮ ከአጥሩ ማዶ ነውና ላምዱዋን ከወጥ ቤቷ መስኮት ሆና ትሰማለች።

«ፒኩን፣ ምን አብልተሽው ነው?»

«ምንም! ጠዋት ጠዋት አዋራዋለሁ፣ ሌላ ምን አውቃለሁ ብለህ ነው?»

ላምዱዋን ደንቆሮነት ነው ብላ ሳቀች። በማግሥቱ ማንም ሳያያት ከራሷ ድንክዬዎች ፊት ቁጢጥ ብላ «እደጉ እንጂ፣ ምን ሆናችሁ!» አለቻቸው። የተናገረችው እንደ ቁጣ ስለሆነ ነው መሰል፣ ምንም ለውጥ አልመጣም።

አንድ ቀን ሱቲን ከእርሻ ሲመለስ፣ «የእህትሽ ተክል ቤት ሊያክል ነው እኮ! እሷን ብታማክሪያት ምን አለበት?» አላት።

«እሷን አግባታ!» አለችው።

ሱቲን እግሩን ሊታጠብ ያነሣውን ጣሳ መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ ወዲያ የፒኩንን ስም በቤቱ አላነሣም፤ ያ ደግሞ ላምዱዋንን የባሰ አበሸቃት። ዝምታው «እውነትሽን ነው፣ ታሳዝኛለሽ» የሚላት መሰላት።

የዝናቡ ወራት ሊያልቅ ሲል ከምሥራቅ፣ ከቬትናም በኩል፣ ማዕበል ይመጣል ተባለ። ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ ዋለ። የእናታቸው ቤት በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ የቆመ ስለሆነ ከሥሩ ሰፊ ደረቅ ቦታ ነበር። ሁለቱ እህቶችና ሱቲን ዘጠኙን ከረጢት እየጎተቱ እዚያ አስገቡ። ገና ሳይጨርሱ ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቆረ። ነፋሱ የዶሮውን ቤት ክዳን ነቅሎ ወሰደው። እናታቸው ከላይ ሆና፣ «ዳክዬዎቼ! ኩሬው ሞልቶ ዳክዬዎቼን ሊወስዳቸው ነው!» ስትል ጮኸች። ፒኩንና ሱቲን ተከታትለው ወደ ኩሬው ሮጡ።

ላምዱዋን ብቻዋን ቀረች። ዝናቡ ከአራቱም ወገን እንደ መጋረጃ ወርዶ ከዓለም ለያት። ሦስቱ ረጃጅሞች ከቤቱ ወለል ሥር ጎንበስ ብለው ቆመዋል። ቅጠላቸውን ዳሰሰች። እጇ ላይ የሚጣበቅ፣ አፍንጫ የሚወጋ ሽታ አላቸው። «መሬቱንም ወሰደች፣ እማዬንም ወሰደች፣ ይሄንንም» አለች ለራሷ። ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀደሙ። ከሦስቱ ረጃጅሞች ላይ ቀዩን ጨርቅ ፈትታ በሦስት ድንክዬዎቿ ላይ አሰረችው። ልቧ የሰረቀች ሳይሆን የተሰረቀባት ይመስል ይደልቃል።

ፒኩን አፏ ድረስ ጭቃ ሆና፣ በሁለት ብብቷ ሁለት ዳክዬ ይዛ እየሳቀች ተመለሰች። «እትዬ፣ ባልሽ ኩሬ ውስጥ ወድቆ ዳክዬዋ ናት ያወጣችው!» አለች። ላምዱዋን ለመሳቅ ሞከረች።

በማግሥቱ ከረጢቱን ሲለዩ ፒኩን ቀይ ጨርቅ ከታሠረባቸው ድንክዬዎች ፊት ለአፍታ ቆመች። ቀና ብላ እህቷን አየች። ላምዱዋን ጎንበስ ብላ ጫማዋን እንደማስተካከል አደረገች።

«እንግዲህ እነዚህ የኔ ናቸው ማለት ነው» አለች ፒኩን፤ ከረጢቱንም ይዛ መጎተት ጀመረች።

ለጥቂት ቀናት ላምዱዋን ደስታ ምን እንደሚመስል አወቀች። ረጃጅሞቹን ከመንገድ በሚታዩበት በኩል አቆመቻቸው። የማን እንደነበሩ ያልለየ አላፊ ሁሉ «አንቺ ላምዱዋን፣ እጅሽ መቼ ቀዘቀዘ?» ሲላት፣ «ሁሉም ጊዜ አለው» ትላለች። ሱቲን ብቻ ተክሎቹን አየ፣ እሷን አየ፣ ከዚያ ወደ ጎሾቹ ሄደ።

አንድ ጠዋት እናቷ በከዘራዋ እየተደገፈች መጣች። ወጣት ሳለች ባሏ ከጉድጓዱ አጠገብ ጋንጃ ያበቅል ነበርና ነገሩ እንግዳ አልሆነባትም። ከቅርንጫፉ ብብት አንዱን ዘለላ በጣቷ አገላበጠችው። እንደ ትንንሽ ከረጢት ክብ ክብ ብሎ የተንጠለጠለ ነገር ነው።

«የማን ነው ይሄ?» አለች።

«የኔ ነዋ!»

«ወንዴ ነው ልጄ።»

«ምን?»

«ወንዴ! እንደ ፓፓያው ነው፤ ወንዴ አለው፣ ሴቴ አለው። ወንዴው ቶሎ ይመዘዛል፣ ያምራል፣ ለምንም አይሆንም። እዚያ ማዶ ያሉት ድንክዬዎች ነጭ ፀጉር አውጥተዋል፤ ሴቴ ናቸው። ሰው የሚፈልገው የእነሱን አበባ ነው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይሄ ሲፈነዳ ብናኙ በነፋስ ሄዶ የእህትሽን አበባ ፍሬ በፍሬ ያደርገዋል፤ ማንም አይገዛትም። ያንቺ ከሆነ አንቺው ቁረጪው። ዛሬውኑ።»

ላምዱዋን «እሺ» አለች። አልቆረጠችም።

ያ ቀን ለእሷ ረጅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ የለመነችው ፀሐይ ያን ዕለት ወጣ። ደመና የሚባል ጠፋ፤ ከሰሜን በኩል የብርዱ ወራት ደረቅ ነፋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ነፈሰ፤ የሚነፍሰውም ከእሷ ጓሮ ወደ ፒኩን ጓሮ ነው። በመስኮት ሆና ረጃጅሞቹ ሲወዛወዙ ታያለች። «ነገ ይዘንብ ይሆናል፣ ዝናብ ከመጣ ብናኙን ያረጥበዋል፣ መቁረጥም አያስፈልግም» ብላ ራሷን አታለለች። ውስጧ ያለው ግን ሌላ ነበር። የሷ ከጠፋ የፒኩንም ይጥፋ፤ ያኔ እኩል ይሆናሉ። በገዛ እጇ ሴቴዎቹን ለእህቷ አስረክባ ወንዴ መሸከሟ አንጀቷን አሳረራት። ለማን ትናገረዋለች?

በማግሥቱ ፒኩን አጥሩን ዘልላ መጣች።

«እትዬ፣ እማዬ ነገረችኝ። አይዞሽ። ከኔ ዘንድ ሦስቱን ውሰጂ» አለች። «ድሮም ያንቺ ናቸው።»

ላምዱዋን ፊቷ ጋለ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ከዘራቸው ጀምሮ ሳዋራቸው የኖርኩትን ተክል በጨርቅ የምለየው ይመስልሻል? ያን ቀን ጠዋት ነው ያወቅኩት።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ደስ ብሎሽ አየሁሻ! ከመጣሁ ጀምሮ ፊትሽ እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። መሬቱንም ስወስድ እንደከፋሽ አውቃለሁ። ምን ላድርግ፣ ሦስት ተክል ነው፣ ትውሰዳቸው አልኩ።» ከዚያ ፈገግ አለች። «ወንዴ መሆናቸውን ባውቅማ ኖሮ መጀመሪያውኑ ተሸክሜ አመጣልሽ ነበር!»

ሰድባት ቢሆን ኖሮ ላምዱዋን ትችለው ነበር። ፀጉሯን ብትይዛት ትታገላት ነበር። ይቅርታው ግን እንደ ሚጥሚጣ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ደግነትም እንደ መሬቱ፣ እንደ እጁ ቅዝቃዜ፣ ለፒኩን ብቻ ነው የተሰጠው! ከግድግዳው ላይ ቆንጨራውን ነጥቃ ወጣች።

«እትዬ!» አለች ፒኩን እየተከተለቻት። «ቀስ ብለሽ! ሸፍነሽ ነው—»

ላምዱዋን አልሰማቻትም። የመጀመሪያውን ረጅም ከሥሩ መታችው። ተክሉ ተንቀጥቅጦ ሲወድቅ ቢጫ አቧራ እንደ ዱቄት ቦነነ። ሁለተኛውን ደገመችው። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ፊቷ፣ ቅንድቧ፣ ቀሚሷ ቢጫ ሆኖ፣ ብናኙ በፀሐዩ ውስጥ እያብለጨለጨ አጥሩን ሲሻገር አየችው። ያኔ ነው እጇ የቆመው።

እናታቸው ከቤቷ ሰገነት ሆና ከዘራዋን በወለሉ ላይ ደበደበች። «ውሃ! እናንት ጉዶች፣ ውሃ ርጩበት! ብናኝ ውሃ ከነካው ይሞታል!»

ፒኩን ወደ ኩሬው ሮጠች። ላምዱዋን ለአፍታ ቆንጨራውን እንደያዘች ቆመች። ባትንቀሳቀስ ማንም አይፈርድባትም ነበር፤ ቆርጣለችና። ከዚያ ቆንጨራውን ጥላ ከጋኑ በባልዲ ውሃ ቀዳች፤ መጀመሪያ በራሷ ላይ ከአናቷ ጀምሮ ደፋችው፤ ሁለተኛውን ይዛ አጥሩን አለፈች። ሁለቱ እህቶች እስከ ቀትር ድረስ እየተመላለሱ፣ በመዳፋቸው እየረጩ፣ ቅጠሉንም አበባውንም አጠቡ። ክረምቱን ሙሉ ከዝናብ ሲሸሽጓቸው የነበሩ ተክሎች ውሃ እያንጠባጠቡ ቆሙ።

ግማሹ ተረፈ። ከተረፈው ደግሞ አንዱን ያ ሁሉ ውሃ ሻጋታ አስያዘውና ነቅለው ጣሉት። በቀረው አበባ ውስጥ እዚህም እዚያም ፍሬ ተገኘበት፤ ከከተማ የመጣው ነጋዴ በጥፍሩ ፈነከት አድርጎ አየና ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ፒኩን «እንኳን ሄደ፣ ትንፋሹ የተብላላ ዓሣ ይሸታል» ብላ ሳቀች። አበባውን በኮኮናት ዘይት አፍልታ ለእናታቸው ጉልበት ቅባት አደረገችው።

ብርዱ ሲጠና እናታቸውን የምታሸው ላምዱዋን ሆነች፤ ፒኩን ለሩዝ አጨዳ ሱቲንን ልታግዝ ወጥታለች። እናት እግሯን ዘርግታ ዓይኗን ጨፍናለች።

«የፒኩን ቅባት እንዴት ያለ ነው! ሕመሙን ነቅሎ ነው የሚያወጣው» አለች።

ላምዱዋን ጥቂት አሸች። ከዚያ፣ «ከነዚያ ተክሎች ሦስቱ የኔ ነበሩ፣ እማዬ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ፒኩን ናታ! ‹ቅባቱ የእትዬ ነው፣ አመስግኛት› አለችኝ። እኔ ነኝ የረሳሁት።»

የላምዱዋን አውራ ጣት ባለበት ቆመ። ይህን መናገሩንም ፒኩን ቀድማ ወስዳዋለች። ከጠርሙሱ ሌላ ቅባት በመዳፏ ላይ አፈሰሰችና ጉልበቱን በሁለት እጇ ይዛ ጫን አለች።

«ኧረ ቀስ!» አለች እናቷ ዓይኗን ገልጣ። «ሊጥ አይደለም እኮ፣ ጉልበቴ ነው!»